ዓይነ ስውሩ ሰይፈኛና የይፋት በትር

ሰይፍ የዓይን ሥራ ነው። ሰይፍ የሚማር ሰው ከመምታት አስቀድሞ ማየትን ይማራል፤ የባላጋራውን ትከሻ፣ የእግሩን አጣጣል፣ የክንዱን አነሣሥ አስተውሎ ማየት። ከዚህም የተነሣ በብዙ ሕዝቦች ትውፊት ውስጥ ዓይነ ስውር ሰው ሰይፍ ታጥቆ አይታይም። ነቢይ ወይም ባለቅኔ፣ ዘማሪ ወይም በደጀ ሰላም የተቀመጠ ምጽዋት ጠያቂ ሆኖ ይታያል እንጂ። ጃፓኖች ግን ይህን ልማድ የሚያፈርስ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥረዋል፤ ስሙም ዛቶኢቺ ይባላል። ዛቶኢቺ ሁለት ዓይኖቹ የጠፉበት፣ በበትር እየዳበሰ ከመንደር ወደ መንደር የሚዞር፣ የደከመ ሰው ገላ እያሸ የዕለት ጉርሱን የሚያገኝ ተራ ሰው ነው። በትሩ ግን ሰገባ ነው፤ በውስጡ ሰይፍ አለ።

ይህ ገጸ ባሕርይ ከታሪክ የተቀዳ ነው ወይስ ከምኞት? ከሁለቱም ነው። ሰይፉ የምኞት ውጤት ሲሆን በትሩና ሙያው ግን የታሪክ እውነት ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ መመርመር ጃፓንን ለማወቅ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ በእኛም አገር ዓይነ ስውራን የኖሩበትን ኑሮና ኪነ ጥበባችን እነርሱን የሳለበትን መንገድ ለመመዘን ይረዳል። በሸዋ ሮቢት ገበያና በይፋት ቆላ መንገዶችም የዓይነ ስውር በትር ሲያልፍ ኖሯል። በእኛው በትር ውስጥ የተደበቀ ስለት የለም፤ በወዲያኛው ጫፉ ላይ ግን የአንድ ልጅ እጅ አለ።

የገጸ ባሕርዩ ልደት

የዛቶኢቺ ፈጣሪ ሺሞዛዋ ካን የተባለ ጃፓናዊ ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በሆካይዶ ደሴት ተወልዶ በ1968 ያረፈው ይህ ሰው አስቀድሞ ጋዜጠኛ ነበረ፤ የጋዜጠኝነት ልማዱንም ወደ ድርሰት ይዞት ገብቷል። ያለፈውን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችን እየፈለገ ያነጋግር፣ የሰማውንም እየመዘገበ ለታሪካዊ ድርሰቶቹ መሠረት ያደርገው ነበር። ስለ ዛቶኢቺ የጻፈው በ1948 ሲሆን፣ ድርሰቱ ጥቂት ገጾች ብቻ ያሉት አጭር ትረካ ነው። ትረካው የሚፈጸመው ከቶክዮ በስተምሥራቅ በሚገኘው በኢዮካ የባሕር ጠረፍ ሲሆን፣ ዘመኑም የቶኩጋዋ ሾጉኖች አገዛዝ ሊወድቅ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል የቀረው ወቅት ነው። የኢዮካው ሱኬጎሮና የሳሳጋዋው ሺጌዞ የተባሉ ሁለት የቁማርተኛ አለቆች በ1844 በቶኔ ወንዝ አጠገብ ጭፍሮቻቸውን ይዘው መጋጨታቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ደራሲው ዓይነ ስውሩን ሰው ያስገባው በዚህ እውነተኛ ጠብ መካከል ነው።

ትረካውን ለሰፊው ሕዝብ ያደረሰው ግን ሲኒማ ነው። በ1962 ዳይኤይ የተባለው የፊልም ኩባንያ፣ በሚሱሚ ኬንጂ አዘጋጅነትና በካትሱ ሺንታሮ ተዋናይነት የመጀመሪያውን የዛቶኢቺ ፊልም ሠራ። እስከ 1973 ባሉት ዓመታት ብቻ ሃያ አምስት ፊልሞች ወጡ፤ ከ1974 እስከ 1979 ደግሞ በቴሌቪዥን አንድ መቶ ክፍሎች ታዩ። ካትሱ በ1989 የመጨረሻውን ፊልም ራሱ አዘጋጅቶ ከተወነ በኋላ በ1997 ሞተ። ገጸ ባሕርዩ ግን አብሮት አልተቀበረም፤ በ2003 ኪታኖ ታኬሺ እንደ ገና ሠርቶት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የብር አንበሳ ሽልማት አስገኝቶለታል።

ሕዝቡ ይህን ሰው ለምን ወደደው? ዛቶኢቺ በሚገባበት ሁሉ የሚናቅ ሰው ነው። ቁማርተኞች አያይም ብለው ሊያታልሉት ይነሣሉ፤ እርሱ ግን ዛሩ በኩባያው ውስጥ ሲንከባለል በጆሮው ይለየዋል። ባለ ሥልጣኖችና የሽፍታ አለቆች ገበሬውን ሲበዘብዙ በፊቱ ይመካከራሉ፤ ዕውር ምን ያውቃል ብለው ድምፃቸውን አይቀንሱም። የሚወድቁትም በዚሁ ንቀታቸው ነው። እንግዲህ የድራማው ሞተር የሰይፉ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የበላዮች የበታቹን ሰው ጆሮና ልቡና አለመቁጠራቸው ነው። ይሁንና ዛቶኢቺ ጻድቅ ሆኖ አልተሳለም። እርሱም ቁማርተኛ ነው፤ የገደላቸው ሰዎች ሸክም ይከብደዋል። ድል ካደረገ በኋላ የሚያርፍበት ቤት፣ የሚጠብቀው ዘመድ የለውም፤ ፊልሞቹ ብዙውን ጊዜ የሚዘጉት ብቻውን ወደ ሌላ መንገድ ሲያዘግም በማሳየት ነው።

የኢትዮጵያ ምሁራን ጃፓንን ማጥናት ከጀመሩ ቆይተዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን፤ ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1931 የታወጀው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አብነት ያደረገ ነበር። የዚያ ትውልድ ዓይን ያረፈው በንጉሠ ነገሥቱ፣ በፋብሪካውና በጦር ሠራዊቱ ላይ ነበር፤ ዛቶኢቺ ግን የዚያችኑ አገር ታሪክ ከታች፣ ከአቧራማው መንገድ አንሥቶ ያሳያል።

ከልብ ወለዱ በስተጀርባ ያለው ማኅበር

«ዛቶ» የሰው ስም አይደለም፤ ማዕረግ ነው። የሰውየው ስም «ኢቺ» ሲሆን «ዛቶኢቺ» ማለት በእኛ አገር «መሪጌታ እገሌ» እንደ ማለት ያለ ማዕረግና ስም የተጣመረበት አጠራር ነው። ማዕረጉን የሚሰጠው ቶዶዛ የተባለ የዓይነ ስውራን የሙያ ማኅበር ነበር።

የማኅበሩ ሥር የሚገኘው በመካከለኛው ዘመን ቢዋ የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ እየመቱ ይዞሩ በነበሩ ዓይነ ስውራን ተራኪዎች ዘንድ ነው። እነዚህ ሰዎች በዐሥራ ሁለተኛው ምዕት ዓመት በሄይኬና በጌንጂ ጎሣዎች መካከል የተደረገውን ጦርነት በቃል አጥንተው በዜማ ያወርዱት ነበር። ከእነርሱ አንዱ አካሺ ካኩኢቺ በ1371 ከመሞቱ በፊት ትረካውን ለደቀ መዝሙሩ በቃል አስጽፎታል። ዛሬ በብዛት የሚነበበውም ይህ ቅጂ ነው። እንግዲህ ጃፓን ስለ ሰይፍና ስለ ጦረኛ ያላትን ታላቁን ትረካ ጠብቀው ያቆዩላት ሰይፉን ያላዩ ሰዎች ናቸው። በታሪክ ውስጥ ዓይነ ስውሩ ሰይፉን የያዘው በመጀመሪያ በቃሉ ነው ማለት ይቻላል።

በቶኩጋዋ ዘመን ማኅበሩ በሾጉኑ መንግሥት ዕውቅና የተሰጠው፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በኪዮቶ የሆነ፣ በአባላቱ ላይ የመዳኘት ሥልጣን ያለው ድርጅት ሆነ። ከላይ ወደ ታች ኬንግዮ፣ ቤቶ፣ ኮቶና ዛቶ የተባሉ አራት ዐበይት ማዕረጎች ሲኖሩት፣ እነዚህም በሰባ ሦስት እርከኖች የተከፋፈሉ ነበሩ። አባላቱ የሚተዳደሩት በሙዚቃ፣ ገላ በማሸትና በመርፌ ሕክምና ነበር። ሱጊያማ ዋይቺ (1610–1694) የተባለው ዓይነ ስውር ሐኪም ቀጭኗን መርፌ በትንሽ ቱቦ ውስጥ አድርጎ የመውጋትን ዘዴ አስፋፍቶ የሾጉኑ ቱናዮሺ ሐኪም ለመሆን በቃ፤ ዓይነ ስውራን ይህን ሙያ የሚማሩባቸውን ትምህርት ቤቶችም አቋቋመ። በፓሪስ ቫላንታን አዊ ለዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት የጀመረው ከዚህ አንድ ምዕት ዓመት ያህል ዘግይቶ በ1780ዎቹ ነው።

ከዚሁ ማኅበር የወጣው ሌላው ታላቅ ሰው ሃናዋ ሆኪኢቺ (1746–1821) ነው። የገበሬ ልጅ ሲሆን በልጅነቱ ዓይኑ ጠፋ፤ ወደ ማኅበሩ ገብቶ ሙዚቃም ሆነ ማሸት ቢያስተምሩት አልሆነለትም። መምህሩ ወደ መጻሕፍት ትምህርት ቢመራው ግን ሌሎች አንብበውለት የሰማውን ሁሉ በአእምሮው አኖረ። ተበታትነው የነበሩ ከ1,200 በላይ የቆዩ ጽሑፎችን ሰብስቦ በአንድ ታላቅ ስብስብ አሳተመ፤ ኅትመቱም በ1819 ተፈጸመ። አንድ ምሽት ሲያስተምር መብራት ጠፍቶ ተማሪዎቹ ቢደናገጡ፣ ዓይን ያላቸው ሰዎች ምንኛ ችግረኞች ናቸው ብሎ እንደ ሳቀ ይነገራል።

ሴቶች በዚህ ማኅበር አይታቀፉም ነበር። ዓይነ ስውራን ሴቶች ጎዜ የሚባሉ የራሳቸውን ቡድኖች አቋቁመው ሻሚሴን የተባለውን ባለ ሦስት ክር መሣሪያ እየመቱ በገጠር ይዘፍኑ ነበር። ሲጓዙ በሰልፍ ሆነው አንዷ በፊቷ ያለችውን ጓደኛዋን ጓዝ ትይዛለች፤ ጥቂት ብርሃን የሚታያት ከፊት ትመራለች።

ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ አሳምሮ ብቻ ማቅረብ አይገባም። ማዕረጉ በገንዘብ የሚገዛ ነበር፤ ድኃው ዛቶ ከታች እየከፈለ ባለጸጋው ኬንግዮ ከላይ ይከፋፈለዋል። መንግሥት ለማኅበሩ ገንዘብ የማበደር መብት ሰጥቶት ስለ ነበር አንዳንድ ኬንግዮዎች በከፍተኛ አራጣ ድኃውን ያስለቅሱ ጀመር። በ1778 መንግሥት ቶሪያማ የተባለውን ባለጸጋ ኬንግዮ በዚሁ ምክንያት ቀጥቶታል። የባላባታዊው ሥርዓት ጠባይ በዓይነ ስውራኑም ቤት ገብቶ ነበር ማለት ነው። በ1871 አዲሱ የሜጂ መንግሥት ማኅበሩን ከነማዕረጉ ሻረው። ብዝበዛው ተቋረጠ፤ ነገር ግን ብዙ ዓይነ ስውራን ከለላቸውን አጡ። ዘመናዊ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በኪዮቶ የተከፈተው ከሰባት ዓመት በኋላ በ1878 ነው።

ሰይፉ ለምን ገባ?

በታሪኩ ውስጥ እንግዲህ ገላ አሻሽ፣ ሙዚቀኛ፣ ሐኪም፣ ሊቅና አራጣ አበዳሪ እንጂ ሰይፈኛ የለም። ሰይፉ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1588 ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በአገሪቱ ሁሉ ከገበሬው እጅ መሣሪያ አስገፈፈ፤ ከዚያም በኋላ ባለው ዘመን ረጅምና አጭር ሁለት ሰይፍ መታጠቅ የሳሙራይ መደብ መለያ ሆኖ ኖረ። በ1876 ደግሞ ሳሙራዩም ራሱ ሰይፉን እንዲፈታ ታዘዘ። ሺሞዛዋ ትረካውን በጻፈበት በ1948 ደግሞ ጃፓን ተሸንፋ በውጭ ጦር አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ሰይፎችም እንደ ገና ከየቤቱ ተሰብስበው ነበር። ተራው ሰው መሣሪያ በተከለከለበት አገር የሕዝቡ ምናብ ሰይፉን ማንም ሊፈትሸው በማያስበው ስፍራ፣ በዓይነ ስውሩ በትር ውስጥ ደበቀው። በዛቶኢቺ ሰይፍ የሚቆረጠው የማየት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የመደብ ክልከላም ነው።

ዓይነ ስውር ሆኖ ጦር ሜዳ የዋለ ሰው በዓለም ታሪክ ጨርሶ አልታጣም። የቦሄሚያው የሁሲት ሠራዊት አዛዥ ያን ዢዥካ ቀደም ሲል አንድ ዓይኑን ያጣ ሲሆን፣ በ1421 ሁለተኛውም ጠፋበት። ቢሆንም በ1424 እስኪሞት ድረስ ሠራዊቱን ከድል ወደ ድል መርቷል። የዢዥካ ኃይል የገዛ ክንዱ አልነበረም፤ በሰንሰለት የተያያዙ የጦር ሠረገሎችን በምሽግነት የሚጠቀም፣ ከገበሬና ከከተማ ድኃ የተውጣጣ በሥርዓት የሠለጠነ ሠራዊት ነበር። ከእርሱ በፊት የቦሄሚያው ዓይነ ስውር ንጉሥ ዮሐንስ በ1346 በክሬሲ ጦርነት ሲዋጋ ወድቋል፤ ባላባቶቹ የፈረሱን ልጓም ከፈረሶቻቸው ልጓም ጋር አስረው ወደ ውጊያው እንደ ወሰዱትና አብረውት እንደ ሞቱ የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ትምህርት ይገኛል። በልብ ወለዱ ዓይነ ስውሩ ብቻውን ይዋጋል፤ በታሪኩ ግን ዓይነ ስውር ሰው ብርቱ ሆኖ የተገኘበት ስፍራ ሁሉ ከአጠገቡ ሌላ ሰው አለ። ማኅበሩ፣ የጎዜዎቹ ሰልፍ፣ የተያያዙት ሠረገሎችና የታሰረው ልጓም ይህንኑ ይመሰክራሉ።

በእኛ አገር፤ ዓይን ማጥፋት ሰይፍ ማስጣል

የጃፓን መንግሥት የዓይነ ስውራኑን ማኅበር በሻረበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1871፣ በኢትዮጵያ የዓይንና የሰይፍ ነገር በሌላ መልክ ተፈጽሟል። ቀድሞ ዋግሹም ጎበዜ ይባሉ የነበሩትና ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ ዙፋኑን የያዙት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ከአማቻቸው ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ተዋጉ። ሠራዊታቸው ብዙ ነበረ፤ የካሣ ሠራዊት ግን በቁጥር ቢያንስም ወደ መቅደላ ዘምቶ የተመለሰው የእንግሊዝ ጦር የተወለትን አዲስ መሣሪያ የያዘ ነበር። ተክለ ጊዮርጊስ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ዓይናቸው እንዲጠፋ ተደርጎም በግዞት ሞቱ። ካሣም በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

ይህ ቅጣት በኢትዮጵያ ብቻ የተፈጸመ አይደለም። በቢዛንታይን ቤተ መንግሥት የተሻረ ንጉሥን ማሳወር የተለመደ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ሮማኖስ አራተኛ በ1072 በዚህ መንገድ ዓይኑን አጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሞቷል። በሁሉም ስፍራ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ዓይን የሌለው ሰው ጦር ሊመራ፣ ዙፋን ሊይዝ አይችልም የሚል። የጃፓን ምናብ ዓይን ለሌለው ሰው ሰይፍ ሲሰጥ፣ የቤተ መንግሥት ፖለቲካ ደግሞ ሰይፍ ለማስጣል ዓይን ያጠፋል። አንደኛው የታችኛው ሕዝብ ምኞት ሲሆን ሁለተኛው የላይኞቹ ስሌት ነው።

በሸዋ ቤተ መንግሥት ተቀናቃኝን ከሥልጣን የሚያርቁበት ዋናው መንገድ ማሰር ነበር፤ የእስሩም ስፍራ ይፋት ነው። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወንድሞቻቸውንና የቅርብ ዘመዶቻቸውን የሚያኖሩት በጎንቾ አምባ ሲሆን፣ ጠባቂውም የይፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። «ወላስማ» የሚለው መጠሪያ ከዐሥራ ሦስተኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ የይፋትን ሱልጣኔት ከመሠረተው ከወላስማ ሥርወ መንግሥት የወረደ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በአንኮበር የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ ስለዚህ እስር ቤትና በኋላም መሳፍንቱ ስለ መፈታታቸው ጽፏል። ሣህለ ሥላሴ ራሳቸው አንድ ዓይናቸው የጠፋ ነበረ። ይህ ግን ከመንገሥም ሆነ ከመዝመት አላገዳቸውም፤ አንድ ዓይን ለመንግሥት በቂ ነበር። ሁለቱም ሲጠፉ ነው የፖለቲካው ሞት የሚመጣው።

የይፋት በትር

ከመሳፍንቱ ወርዶ ወደ ሕዝቡ ሲመጡ መልኩ ይለወጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ቆላው ቁልቁል ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዚህ መንገድ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ደገኛው አማራ፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው በይፋት ገበያዎች ለዘመናት ሲገናኙ ኖረዋል፤ በዚህም አካባቢ መሣሪያ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። አፋሩ ጊሌውን በወገቡ ላይ፣ ደገኛው ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ፣ ኋላም ጠመንጃውን በትከሻው በግልጽ ይዞት ይሄዳል። የእኛ ትውፊት ሰይፍ የተደበቀበት በትር ያልፈጠረበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ለወንዱ ሁሉ ያልተከለከለውን መሣሪያ በበትር ውስጥ መሸሸግ ትርጉም የለውምና።

ስለዚህ የእኛ አገር ዓይነ ስውር በትር በትር ብቻ ነው። አንዱን ጫፍ እርሱ ይይዛል፤ ሌላውን ጫፍ ከፊቱ የሚሄድ ልጅ ይይዛል። ይህ ልጅ በአማርኛ «መሪ» ይባላል፤ አገር ለሚመራው ሰው የተሰጠው ቃል ለዚህ ባዶ እግሩን ለሚሄድ ሕፃንም ያገለግላል። መሪው የልጅ ልጅ ወይም የወንድም ልጅ፣ አለዚያም ዘመድ ያጣ ድኃ አደግ ሊሆን ይችላል። ጉድጓዱን ያሳውቃል፣ ከሚጋፋ ከብት ያሸሻል፣ የገበያውን ግርግር ይተረጉማል፣ የመጣውን ሰው ማንነት በሹክሹክታ ይናገራል። ከጃፓን ሰይፈኛ የሚለየውም ይኸው ነው፤ ዛቶኢቺ ብቻውን ሲሆን የእኛው ሰው ብቻውን አይደለም።

በዚህ ልዩነት ላይ ኩራት ብቻ ቢሰማ ግን ስሕተት ይሆናል። ዓይነ ስውሩ ወደ ገበያ በወጣበት ጧት ልጁም ከትምህርት ገበታው ይቀራል። አንዱ ዓይን ሲያጣ ሁለት ሰው ከሥራና ከትምህርት ይታገዳል። ሸክሙን የተሸከመው ማኅበር ወይም ሕግ ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ትንሹ ልጅ ነው። በጃፓን ማኅበሩ፣ ጉድለቱ ምንም ያህል ቢበዛ፣ ለዓይነ ስውሩ ሙያ፣ ማዕረግና ዳኛ ሰጥቶት ነበር። የእኛ ኅብረተሰብ ደግሞ ርኅራኄንና ምጽዋትን ሰጥቶታል። ምጽዋት ሰውን ከረኃብ ያድናል፤ ሙያ ግን አያስይዝም።

ነገር ግን አገራችን ለዓይነ ስውሩ የሰጠችው ሌላ ቤትም አለ፤ እርሱም የቃል ትምህርት ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በልቡ ቆጥሮ ለመምህሩ በቃሉ ያቀርባል፤ መምህሩም በጆሮው ሰምቶ ያርመዋል። በዚህ ጉባኤ ብራናና ቀለም ግዴታ ስላልሆኑ ዓይነ ስውር ተማሪ፣ ዓይነ ስውር መምህርም እንግዳ አልነበረም። ዳዊት ደጋሚው በቤተ ክርስቲያን፣ ቁርኣን ሐፊዙ በይፋት መስጊዶች በዚሁ በጆሮ መንገድ ተምረዋል። በአራቱ ጉባኤያት የመጻሕፍት ትርጓሜ የተካነ ሊቅ «አራት ዓይና» ይባላል፤ ይህ ማዕረግ የሥጋን ዓይን አይቆጥርም። ቋንቋችን ዓይንን በዕውቀት መቁጠር ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው። የቢዋ ተራኪውና የቅኔ መምህሩ ባይተዋወቁም የአንድ ጥበብ ሰዎች ናቸው።

ለኪነ ጥበብ የቀረው ሥራ

እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ ግማሽ ያህሉ መንስኤው በቀዶ ሕክምና የሚወገደው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሲሆን፣ 11.5 በመቶው ደግሞ ትራኮማ ያመጣው ጠባሳ ነው። የአማራ ክልል ትራኮማ እጅግ ከተስፋፋባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ትራኮማ የውኃ እጥረትና የንጽሕና ጉድለት የሚያስፋፉት በሽታ እንጂ የዕጣ ፈንታ ጉዳይ አይደለም። እንግዲህ በይፋት መንገድ ከሚያልፉት በትሮች ብዙዎቹ ጨርሶ ባልተያዙም ነበር።

ሁኔታው እንደ ነበረ አልቆመም። በሰበታ የተከፈተው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትና መሰሎቹ ብሬይልን ለብዙዎች አስተምረዋል። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት በአዋጅ ቁጥር 568 ደንግጋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። በደቡብ ወሎ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት የትነበርሽ ንጉሤ በሕግ ተመርቀው ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሟገታቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በልጅነታቸው ያለ ዕድሜ ከመዳር ያተረፋቸው ዓይነ ስውርነታቸው እንደ ሆነ ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። እርሳቸው የያዙት ስለት ሕግ ነው፤ በበትር ውስጥም አልተደበቀም።

በመድረኮቻችንና በልብ ወለዶቻችን ግን ዓይነ ስውር ሰው አሁንም ብዙውን ጊዜ የሚገባው ለማስለቀስ ወይም ለማሳቅ ነው። መጋረጃው ሲገለጥ እጁን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ባለጸጋው ሲያልፍ ይመርቃል፤ ከዚያ በኋላ ታሪኩ ያለ እርሱ ይቀጥላል። ይህ አሣሣል ዛቶኢቺን የናቁት ቁማርተኞች የነበራቸው እይታ ነው። መፍትሔውም የይፋትን ዓይነ ስውር ሰይፍ አስታጥቆ ማቆም አይደለም፤ ያ የጃፓን ሕዝብ ከራሱ ክልከላ የወለደው ሕልም ነውና ለእኛ መድረክ እንደ ተውሶ ልብስ ይሰፋል። የእኛ ድራማ ያለው በበትሩ ርዝመት ላይ ነው፤ በአንዱ ጫፍ ሙያ የተነፈገ ሰው፣ በሌላው ጫፍ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ፣ በመካከላቸው ደግሞ በየቀኑ የሚደረግ ጭውውት፣ ጠብና ዕርቅ። ልጁ ያየውን ይናገራል፤ ሽማግሌው የሰማውን ያርማል። ከዚህ የበለጠ ቃለ ተውኔት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

«ዕውር ምን ትሻለህ ቢሉት፣ ብርሃን» ይላል አገሬው ሲተርት። ተረቱ መልሱን ግልጽ አድርጎ ያየዋል። የቶዶዛው ማኅበርተኛ፣ የቅኔው መምህርና የሕግ ባለሙያዋ ታሪክ ግን ሌላ መልስ ይጨምርበታል፤ ዓይነ ስውሩ የሚሻው ሙያና ባልንጀራ፣ ለመሪው ልጅም የትምህርት ገበታ ጭምር ነው። መምህሩ በክፍሉ፣ የቀበሌው ሹም በመዝገቡ፣ ጸሐፌ ተውኔቱም በመድረኩ የበትሩን ሁለት ጫፎች አንድ ላይ መቁጠር ይጠበቅባቸዋል።